ማጀቢያው በየት በኩል ይግባ?

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መጥተን በአንድ ግቢ የምንማር ጥቂት ጓደኞች፣ መሰንቆና ክራር ይዘን በባህል ምሽት መድረክ ላይ መውጣት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ከበሮ መቺያችን ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ የሚተካው ሰው አጣን። ስለዚህ ሙዚቀኞች «ትራክ» የሚሉትን፣ ማለት ከበሮውና ጭብጨባው አስቀድሞ ተቀድቶ ከስልክ የሚለቀቀውን ማጀቢያ ለመጠቀም ቈረጥን። በእጃችን ለጊታር ተብሎ የተሠራ አንድ ዲጂታል ኢፌክት ነበረን፤ ይኸውም በእግር እየተረገጠ የመሣሪያን ድምፅ የሚያሻክር፣ የሚያስተጋባና የሚያለሰልስ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። በመሰንቆው ቆዳ ላይ ፒክአፕ ለጠፍን፤ ስልኩን በባለ ሁለት ጅራት ገመድ ከመሰንቆው ጋራ አጣመርን፤ ሁለቱንም የጊታር መግቢያ በሆነው ቀዳዳ ከተትናቸው።

በዚያ ምሽት የተገኘ ሁሉ የሆነውን አይረሳም። ከበሮው ሁለት ሰው ተራ ሳይጠብቅ የሚመታው መሰለ፤ ጭብጨባው በቆርቆሮ ክዳን ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሆነ፤ መሰንቆው ደግሞ ከመካከል ጠፋ። ተመልካቹም እነዚህ ልጆች መጫወት አይችሉም ብሎ ፈረደብን። ጥፋቱ ግን የጣታችን ሳይሆን የገመዱ መንገድ ነበር። ዛሬም በየግቢው በዚሁ መንገድ የሚገቡ ጓደኞች ስላሉ ነገሩን እንደ ገባን መጠን እንገልጻለን።

ኢፌክቱ በውስጡ እንደ ወንዝ አንድ መስመር አለው። በጊታሩ ቀዳዳ የገባው ሁሉ ከላይ እስከ ታች በየጣቢያው ያልፋል፤ መሣሪያው «ይህ መሰንቆ ነው፣ ይህ ከበሮ ነው» ብሎ አይለይም፤ የሚያየው የሁለቱን ድምር ብቻ ነው። ከጣቢያዎቹ ሁሉ ክፉው ማሻከሪያው ነው። አንድ ድምፅ ብቻውን ሲሻክር ወፈር ብሎ ደስ ይላል፤ ሁለት ድምፆች አብረው ሲገቡ ግን ማንም ያልተጫወተው ሦስተኛና አራተኛ ድምፅ ይወለዳል። ለምሳሌ በሴኮንድ 200 ጊዜ የሚርገበገብና 300 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አብረው ቢገቡ፣ የልዩነታቸው 100 እና የድምራቸው 500 ተጨምረው ይወጣሉ። በሁለት ድምፅ ይህ ከሆነ፣ ከበሮ፣ ጭብጨባና እልልታ በሞላበት ቅጂ የሚሆነውን አንባቢ ይገምተው።

ገደል ማሚቶውም እንዲሁ ነው። በበሽሎ ገደል አፋፍ ቆሞ የጮኸ ሰው ድምፁ ሲመለስለት ደስ ይለዋል፤ ሠርገኛ ሁሉ ከነከበሮው በዚያ ቢጨፍር ግን ምቱ ይፋለሳል። ከበሮው በደቂቃ 120 ጊዜ ቢመታ በየ500 ሚሊሴኮንዱ አንድ ምት ነው፤ እኛ ለመሰንቆው ብለን ማሚቶውን በ380 ላይ አድርገነው ስለ ነበር፣ የከበሮው ጥላ በሁለት ምት መካከል እየወደቀ እግራችንን አሳተን።

ከመስመሩ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ የጊታር ስፒከርን ጠባይ የሚመስል ማጣሪያ አለ። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ወይም ከ6,000 ርግብግቢት በላይ ያለውን ድምፅ እምብዛም አያወጣም። ለጊታር መልካም ነው፤ የጭብጨባ ስለትና የ«ሰ» ድምፅ ግን ብዙው ከዚያ በላይ ስለሆነ ታፍኖ ይቀራል። በዚህ ላይ ቀዳዳው የሚጠብቀው የፒክአፕን ደካማ ድምፅ እንጂ የስልክን ብርቱ ድምፅ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ብዙዎቹ ኢፌክቶች በጎናቸው «ኦክስ» የሚባል ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ በዚያ የገባ ድምፅ ጣቢያዎቹን ሁሉ ዘልሎ በመጨረሻው መውጫ ላይ ከመሰንቆው ጋራ ይገናኛል። ማጀቢያው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ መሰንቆው ብቻ ይሻክራል። ቀዳዳው ከሌለ ኢፌክቱና ስልኩ በየራሳቸው ገመድ ወደ ሚክሰር ይሂዱ። የጊታር አምፕሊፋየር ላይ ግን አንድ ላይ አይሰካ፤ ያንኑ የታፈነ ድምፅ በሌላ በር መመለስ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ውርደታችንን እንናገር። የስልኩን ባለ ግራና ቀኝ ገመድ በሚክሰሩ አንድ ቀዳዳ ብንሰካው፣ ጭብጨባው እየተሰማ ከበሮው ድምጥማጡ ጠፋ! እንዲህ ያለው ቀዳዳ የግራውን ከቀኙ ይቀንሳል፤ በሁለቱም እኩል የተቀዳው፣ ማለት ከመሐል የሚሰማው ከበሮ፣ ዜሮ ይሆናል። ግራውንና ቀኙን በሁለት ቀዳዳ ለያይቶ መሰካት ነው።

ገመድ መለየትም ብቻውን አይበቃም። የመሰንቆ ቆዳ እንደ ጆሮ ነው፤ ከአጠገቡ ያለው ስፒከር የሚያሰማውን ከበሮ ተቀብሎ በፒክአፑ በኩል መልሶ ወደ ኢፌክቱ ያስገባዋል። ስለዚህ ስፒከሩ ከተጫዋቹ ፊት ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይቁም።

ከዚህ በኋላ የቀረን ጉዳይ ከገመድ የጠለቀ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀዳ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን ደራርቦ ሠርቶታል፤ እጅግም አምሮለታል። ነገር ግን ያ ስቱዲዮ ነው፤ በመካከል ተነሥቶ «ተቀበል!» የሚለው ሰው የለም። የአገራችን አዝማሪ ግን ግጥም ከተቀመጠው ሰው እየተቀበለ ነው የሚዘፍነው። ሰጪው ቃሉን ሲፈልግ ያዘገማል፣ ይስቃል፣ ያስደግማል። የአራት ደቂቃ ትራክ አይጠብቀውም፤ ግጥሙ ሳያልቅ እርሱ ያልቃል። እኛም አንድ ጊዜ የስማዳው ጓደኛችን ሁለተኛውን ስንኝ ሊል አፉን ሲከፍት ማጀቢያው ቆመ፤ የሳቀው ሰው ብዛት አይነገርም።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ከቅጂው ዜማ ያለበትን መሣሪያ ሁሉ አወጣን። ኪቦርድ በእኩል በተከፈለ ድምፅ የተቃኘ ነው፤ ክራራችን ደግሞ አንቺ ሆዬን በጆሮ ስለሚቃኝ ሁለቱ ሲገናኙ ይጋጫሉ። የተረፈው ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ነው። እርሱንም ረጅም አድርገን ከመቅዳት ይልቅ፣ አራት ዙር ብቻ ቀድተን ስልኩ ላይ ሳያቋርጥ እንዲመላለስ አደረግነው። ኢፌክቱ ራሱ «ሉፐር» የሚባል መመላለሻ አለው፤ በአነስተኞቹ ላይ ወደ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይይዛል። በእርሱም የመሰንቆውን መመለሻ እዚያው መድረክ ላይ እንቀዳለን፤ ግጥም ሰጪው ሲነሣ በእግር ረግጠን እናቆመዋለን፤ ሲጨርስ እንደገና እንረግጠዋለን። የስልኩ ከበሮ ግን ከሥር መምታቱን አይተውም። ሁለቱ ማሽኖች አይነጋገሩምና እግሩ በትክክለኛው ምት ላይ ካላረፈ ዜማው ከከበሮው ይለያል። ይህን የሚረግጠው የእስቴው ልጅ ስለሆነ ጫማውን አውልቆ ይቆማል፤ በጫማ ቁልፉ አይታወቀኝም ይላል።