ሦስት ፊርማ

በአማርኛ ጮሌ ሲባል ሁለት ነገር ይታሰባል። አንዱ እንደ ነፋስ የሚፈተለክ ፈረስ ነው፤ ሌላው ነገር ቶሎ የሚገባው፣ በቀላሉ የማይሸወድ ሰው። በአርሲ ደግሞ ጮሌ የወረዳ ስም ነው፤ ከአሰላ በስተምሥራቅ ያለ የገብስና የስንዴ አገር። ከዚያ አካባቢ በሩጫ እንጀራውን ሊበላ የሚነሣ ልጅ ሁለቱም ጮሌነት ያስፈልገዋል። የፈረሱን እግሩ ላይ ይዞት ይወለዳል፤ የሰውየውን ግን አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ሲቀርብለት ነው የሚፈተንበት።

ወረቀቱ አንድ አይደለም። ሯጭ በሙያ ዘመኑ ሦስት ዓይነት ውል ይፈርማል፤ ከክለብ ጋር፣ ከማናጀር ጋር፣ ከጫማ ኩባንያ ጋር። ተመልካቹ በቴሌቪዥን የሚያየው ባንዲራውን ለብሶ የሚሮጠውን ልጅ ነው። ልጁን እዚያ ያደረሱት ግን እነዚህ ሦስት ፊርማዎች ናቸው። ሦስቱን በየተራ እንተዋወቃቸው።

የክለብ ፊርማ

መጀመሪያ የሚመጣው የክለብ ፊርማ ነው። በአገራችን አብዛኛው የአትሌቲክስ ክለብ የመሥሪያ ቤት ልጅ ነው። ሠራዊቱ መቻል የሚባል ክለብ አለው፤ ፖሊስ ኦሜድላ አለው፤ ማረሚያ ቤት የራሱ ክለብ አለው፤ ንግድ ባንክም፣ ኤሌክትሪክም፣ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካም እንዲሁ። ነገሩ ከድሮ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ማሞ ወልዴም ከዚያው ነው። ምሩጽ ይፍጠር የአየር ኃይል ሰው ነበር። ሻምበል አበበ፣ ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ እያልን የምንጠራቸውም ከዚህ የተነሣ ነው። ማዕረጉ ከክብር ባሻገር የደመወዝ እርከን ነው፤ ድል በመጣ ቁጥር ማዕረግ፣ ማዕረግ በመጣ ቁጥር ደመወዝ ከፍ ይላል።

የአርሲ ታላላቆች ሁሉ በዚህ በር ገብተዋል ማለት ይቻላል። በቆጂ የተወለደችው ደራርቱ ቱሉ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ፖሊስ ቀጠራት፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2000 አዲስ አበባ የመጣችው ለትምህርት ነበር። ምዝገባ አለፋት፤ የማረሚያ ቤቶች ክለብ ግን ተቀበላት። ከሦስት ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ በሙገር ሲሚንቶ ስም ሮጧል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ለሯጭ ደመወዝ መክፈሉ ለውጭ ሰው እንቆቅልሽ ነው። ለበቆጂ ገበሬ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ልጁ ሥራ አግኝቷል።

ውሉ የሚሰጠው የወር ደመወዝ፣ ትጥቅ፣ አሠልጣኝና ሕክምና ነው፤ እንደ ክለቡ አቅም ካምፕና ምግብም ይኖራል። የሚጠይቀውም አለ። ልጁ በኢትዮጵያ ሻምፒዮናና በጃን ሜዳ አገር አቋራጭ የክለቡን ማልያ ለብሶ ይሮጣል፤ ልምምዱንም በክለቡ አሠልጣኝ ሥር ያደርጋል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ዋጋው ያለው በየወሩ በመምጣቱ ላይ ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ ቶሎ አይበስልም። የዓለም ውድድር መግቢያ የሆነውን ሰዓት፣ በስፖርተኛው አነጋገር ሚኒማውን፣ እስኪያሟላ ዓመታት ያልፋሉ። በእነዚያ ዓመታት የሚበላው ካጣ እርሻው መልሶ ይጠራዋል።

ወደ ክለብ የሚያደርሰው መንገድ ከትምህርት ቤት ውድድር ይጀምራል፤ በወረዳ ፕሮጀክት በኩል አልፎ ማሠልጠኛ ማዕከል ይደርሳል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው ማሠልጠኛ ማዕከልም እዚያው ነው። በቆጂ ከዚያም ከፍ ትላለች። እዚያ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበረው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ገና በልጅነታቸው አሩጧቸዋል። የክለብ አሠልጣኞች ሰዓት መያዣቸውን ይዘው ልጅ የሚፈልጉት በእንዲህ ያሉ ሜዳዎች ነው።

እዚህ ላይ የቡድን ግንባታው ጥበብ ይመጣል። ክለቦች የሚወዳደሩበት የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ነጥብ የሚሰበሰበው ከ10 ሺህ ሜትር ብቻ አይደለም፤ ከአሎሎና ከጦር ውርወራ፣ ከዝላይ፣ ከአጭር ርቀት፣ ከእርምጃ ውድድርም ይሰበሰባል። ስለዚህ ብልህ ክለብ ደመወዙን ሁሉ ለረጅም ርቀት ሯጮች አያፈስም። ለአርሲ ልጅ ይህ ክፉ ዜና ነው። በደጋው ሁሉም የረጅም ርቀት ሯጭ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፤ እኩል ተሰጥኦ ያለው ዘላይ ቀድሞት ሊፈርም ይችላል። ሌላም የአሠልጣኝ ራስ ምታት አለ። ስም ያወጣው ሯጭ ዓመቱን በውጭ ውድድር ያሳልፋል፤ ነጥቡን በየሜዳው የሚለቅመው ገና ያልታወቀው ተተኪ ነው። ክለቡ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ አንዱን ለስሙ፣ አንዱን ለነጥቡ።

የማናጀር ፊርማ

ሰዓቱ ሲያምር ሁለተኛው ወረቀት ይመጣል። ማናጀር የሚባለው ሯጩን ውጭ አገር ውድድር ውስጥ የሚያስገባ፣ ቪዛና ትኬት የሚያስጨርስ፣ ከውድድር አዘጋጆች ጋር በክፍያ የሚደራደር ሰው ነው። ትልቅ ማራቶን ለአሸናፊው ብቻ አይከፍልም፤ ስም ያለው ሯጭ መነሻው መስመር ላይ ስለቆመ ብቻ ይከፈለዋል። ያንን ክፍያ የሚያስወስነው ማናጀሩ ነው።

በእኛ ሯጮች ታሪክ ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሆላንዳዊው ዮስ ኸርመንስ ነው። እሱ ራሱ ሯጭ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በአንድ ሰዓት ውስጥ 20,944 ሜትር ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። ኋላ ማናጀር ሆኖ የአሰላውን ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴን ያዘ፤ ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2007 ኦስትራቫ ላይ በዚያው የአንድ ሰዓት ሩጫ 21,285 ሜትር ሸፍኖ ክብረ ወሰኑን የራሱ አደረገ። ማናጀሩ የለፋበትን ርቀት ያስተዳደረው ልጅ ከ300 ሜትር በላይ በልጦ አለፈው።

የማናጀር ድርሻ በተለምዶ ከመቶ 15 ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ከምን ላይ? እ.ኤ.አ. በ2024 የቦስተን ማራቶን ለአንደኛ የሰጠውን 150 ሺህ ዶላር እንውሰድ፤ በወንዶች ያሸነፈው ሲሳይ ለማ ነበር። አሜሪካ ነዋሪ ካልሆነ ስፖርተኛ ሽልማት ላይ በተለምዶ ከመቶ 30 ግብር ትቆርጣለች፤ 45 ሺህ ዶላር ሄደ እንበል። ውሉ የማናጀሩ ድርሻ ከጥቅሉ ይታሰባል ካለ 22,500 ዶላር ይሆናል። ከግብር በኋላ ካለ 15,750 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 6,750 ዶላር በአንዲት ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያቺ ቃል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ያልተነበበ ጽሑፍ ግን ሌላ ሰው ይወርሰዋል።

የጫማ ፊርማ

ሦስተኛው ፊርማ ገንዘቡ የሚበዛበት ነው። የጫማ ኩባንያ ለሯጩ በዓመት የተወሰነ መነሻ ይከፍላል፤ በላዩ ላይ ለሜዳሊያ፣ ለክብረ ወሰን፣ ለትልልቅ ማራቶኖች ድል ጉርሻ ይጨምራል። በምላሹ ሯጩ የሌላ ኩባንያ ጫማ አያደርግም። ትግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር እግሯ ላይ የነበረው በ500 ዶላር የሚሸጥ አዲስ የአዲዳስ ጫማ ነበር። ከመድረሻው በኋላ ጫማውን ከፍ አድርጋ ስታሳይ ፎቶው ዓለምን ዞረ። ኩባንያው የሚከፍለው ለእንዲህ ያለች ቅጽበት ነው።

ይህ ውል ከብሔራዊ ቡድን ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ መፍትሔ ግን አለው። ማልያው የፌዴሬሽኑ ነው፤ ጫማው የሯጩ። ለዚህ ነው ቀነኒሳ የአዲዳስ ምልክት ያለበትን የኢትዮጵያን ማልያ ለብሶ በናይኪ ጫማ ሲሮጥ ያየነው።

ሰው የማያየው የዚህ ውል ጎን ቅናሹ ነው። ብዙ የጫማ ውሎች ሯጩ ሲጎዳና የተወሰነ ውድድር ሳይሮጥ ሲቀር፣ ወይም ደረጃው ሲወርድ፣ መነሻው ክፍያ እንዲቀነስ የሚያዝ አንቀጽ አላቸው። አበረታች ንጥረ ነገር ከተገኘበት ደግሞ ውሉ ያከትማል። የታመመ እግር በጣም ብር በሚፈልግበት ወቅት ትልቁ ቧንቧ ይጠባል፤ ማናጀሩም ካልተሮጠ ድርሻ የለውም። ያን ጊዜ በአብዛኛው የወር ደመወዟ የምትቀጥለው ያቺ መጀመሪያ የተፈረመችውና የተናቀችው የክለብ ውል ናት።

ጣሪያው የት ነው?

በሌላው ዓለም በአንዳንድ ሊጎች ቡድን ሲገነባ ዋናው ገመድ የደመወዝ ጣሪያ ነው፤ ክለብ ለተጫዋቾቹ ከዚያ በላይ አይከፍልም። ለምሳሌ ራግቢ ሊግ የሚባለው ጨዋታ ራሱ የተወለደው ከደመወዝ ጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በሰሜን እንግሊዝ የራግቢ ክለቦች ቅዳሜ ሥራ አስቀርተው ለሚጫወቱ ማዕድን ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች የቀረባቸውን የቀን ደመወዝ እንክፈል አሉ፤ አይሆንም ሲባሉ ሀደርስፊልድ ላይ ተሰብስበው ተገነጠሉ። ዛሬ በአውስትራሊያው ሊግ ክለብ ዋና ቡድኑን 30 ተጫዋች አድርጎ በተወሰነ የደመወዝ ጣሪያ ሥር ያዋቅራል። ሜልበርን ስቶርም የተባለው ክለብ ጣሪያውን በድብቅ አልፎ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የ2007 እና የ2009 ዋንጫዎቹን ተነጥቋል። እኛም በእግር ኳስ ሞክረነዋል፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ክለቦች ቢሾፍቱ ላይ ተሰብስበው የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር።

በሩጫ ግን ጣሪያው ገንዘብ ላይ አይደለም፤ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩም ሦስት ነው። በኦሎምፒክ አንድ አገር በአንድ የሩጫ ዓይነት ከሦስት ሰው በላይ አያሰልፍም። በዓለም ሻምፒዮና የቀድሞው አሸናፊ ተጨማሪ ቦታ ያስገኛል። ይህን ዕድል ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሄልሲንኪ ላይ ተጠቀመችበት። ጥሩነሽ የቀድሞ አሸናፊ ስለነበረች በ5 ሺህ ሜትር አራት ሴቶች ገቡ፤ ጥሩነሽ፣ መሠረት ደፋር፣ እጅጋየሁ ዲባባና መሰለች መልካሙ ከአንድ እስከ አራት ተከታትለው ጨረሱ።

አራተኛው ሰው ከንቱ እንዳልሆነ ፓሪስም አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ከማራቶን ቡድኑ ሲወጣ ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ተተካ። 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዚያ ኦሎምፒክ የኢትዮጵያ ብቸኛ ወርቅም ያ ሆነ። ተጠባባቂ የሚበስለው ግን ሳይመረጥ በሚከርምባቸው ዓመታት የሚያኖረው ሲያገኝ ነው።

ካላገኘ ሌላ ማልያ ይፈልጋል። አርሲ ውስጥ ዘነበች ቶላ ተብላ የተወለደችው ማርያም ዩሱፍ ጀማል እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009 በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ለባሕሬን ሮጣ ነው። ዛሬ አገር መቀየር እንደ ድሮው አይቀልም፤ የዓለም አትሌቲክስ ደንብ የሦስት ዓመት ጥበቃ አስቀምጧል። ስለዚህ ሦስቱ ውስጥ ያልገባ ሯጭ መጠጊያው የአገር ውስጥ ክለብ ነው።

እንግዲህ ሜዳሊያ ሲመጣ ማናጀሩንና ኩባንያውን እናመሰግን ዘንድ ተገቢ ነው። ሯጩን ከማንም በፊት ያመነችውና ሲጎዳም በአብዛኛው ደመወዝ የማትቆርጠው ግን የክለብ ውል ናት፤ ከሦስቱ ትንሽ ብር ያላት እሷ ብትሆንም ሥሯ ጥልቅ ነው። ክለብ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች በጀት ሲያጥር ቀድመው የሚቀንሱት የስፖርቱን እንዳይሆን ይህን ያስቡ።

ለወላጅና ለመምህርም አንድ ቃል አለ። ልጃችሁ ወረቀት ሲቀርብለት የሚተረጉምለት ሰው ፈልጉለት፤ ከመፈረሙ በፊትም አብራችሁት ጠይቁ። ስጎዳ ማን ይከፍለኛል? ድርሻው የሚታሰበው ከጥቅሉ ነው ወይስ ከግብር በኋላ? ገንዘቡ የሚገባው በማን ሒሳብ ነው? ልውጣ ብል እንዴት እወጣለሁ? መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ ብዕሩን ያስቀምጥ።