መዝገብ የሚጠብቅ፣ ሕፃን የማይቀሰቅስ ኮምፒዩተር

እንደሚታወቀው የቢሮ ሥራ በቢሮ ብቻ የሚያልቅበት ጊዜ አልፏል። ሒሳብ የምትሠራ፣ ደብዳቤ የምትጽፍ ወይም የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥ የሆነች እናት ሥራዋን ይዛ ቤቷ ትገባለች። እስቲ በሰቆጣ ከተማ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት የምትኖር እንዲህ ያለች እናት እናስብ። ልጆቿ በሚተኙበት ክፍል ውስጥ መዝገቡም ማደር አለበት። መዝገቡ ደግሞ የእርሷ ብቻ አይደለም፤ ከጉሮሯቸው ቀንሰው የቆጠቡ ሴቶች ሀብት የተጻፈበት ነው። ታዲያ ምን ዓይነት ኮምፒዩተር ትግዛ?

ለመሆኑ ሰርቨር የሚባለው ምንድን ነው? ሰርቨር ማለት እንደ ቤት ጓዳ ነው። እህሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ከዚያ እየወሰደ ይጠቀማል። እናት በላፕቶፗ፣ አባት በስልኩ፣ ልጅም ለትምህርቱ የሚፈልጉትን ጽሑፍ ከአንዱ ማሽን ያገኛሉ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ የቤቱ ዋይፋይ እስካለ ድረስ ሥራው አይቆምም። ጓዳው ሌት ተቀን ክፍት እንዲሆን ግን ማሽኑም ሌት ተቀን መሥራት አለበት። የድምፁና የመብራት ሒሳቡ ጉዳይ የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው።

የኮምፒዩተር ድምፅ ምንጩ በአብዛኛው ሁለት ነው፤ አንደኛው ማራገቢያው፣ ሁለተኛው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። በሃርድ ዲስክ ፋንታ ኤስኤስዲ ያለውን ቢመርጡ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ድምፅ አያሰማም። ማራገቢያ የሌላቸው ትንንሽ ኮምፒዩተሮችም አሉ፤ ሙቀቱን የሚያስወጡት በብረት ሽፋናቸው ነው። አየር ስለማይስቡም በበጋ ወራት አቧራ ብዙ አይገባባቸውም። ሰቆጣ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን የመውሰድ አቅሙም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ማሽኑን በጨርቅ መሸፈን፣ በቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ወይም ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም።

ስለ መብራት ሒሳብ ደግሞ እንመልከት። 80 ዋት የሚስብ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ወሩን ሙሉ ሳይጠፋ ቢሠራ ወደ 58 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 10 ዋት የሚስበው ትንሹ ማሽን ግን በወር የሚፈጀው 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህም 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ የሚወስደውን ያህል ማለት ነው። የመብራት ዋጋ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በየእርከኑ ከፍ ስለሚል ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከትንንሾቹ መካከል በ2004 ዓ.ም. ለሽያጭ የቀረበው የእንግሊዝ አገሩ ራስፕበሪ ፓይ ይጠቀሳል፤ መጠኑ ከመዳፍ አይበልጥም። ለጥቂት ሰዎች ፋይል ማስቀመጫ ይበቃል። ሆኖም መብራት በድንገት ሲጠፋ ትንሿ የማስታወሻ ካርዱ ልትበላሽ ስለምትችል መዝገቡን በኤስኤስዲ ላይ ማኖር ይሻላል። ሠፋ ላለ ሥራ በ2015 ዓ.ም. የወጣው ኢንቴል ኤን100 የተሰኘው ፕሮሰሰር ያለበት ሚኒ ኮምፒዩተር ከ8 እስከ 16 ጊጋባይት ራም ቢኖረው ለቤት ቢሮ ከበቂ በላይ ነው። ገንዘብ ያጠራት እናትም ተስፋ አትቁረጥ፤ ባትሪው ጤነኛ የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ጥሩ ሰርቨር ይወጣዋል። መብራት ሲጠፋ የሚደግፈው ባትሪ አብሮት አለና።

ሌላውን ማሽን የሚገዙ ከሆነ ግን አነስተኛ ዩፒኤስ አብረው ይግዙ። አንድ ባለ 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 10 ዋት የሚስበውን ማሽን ለጥቂት ሰዓታት ያቆየዋል፤ 80 ዋት የሚስበውን ግን ግማሽ ሰዓት ያህል እንኳ መያዙ ያጠራጥራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ማሽኑ ሳይሆን መዝገቡ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ዋግ ኽምራ በደረሰ ጊዜ በተለይ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቆ መሰደዱ አይዘነጋም። እንዲህ ባለ ቀን እናት የምታነሣው ልጇን ነው እንጂ ኮምፒዩተሯን አይደለም። ስለዚህ የመዝገቡ ቅጂ ሦስት ይሁን፤ አንዱ በሰርቨሩ፣ አንዱ በሌላ ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ፣ በሚታመን ዘመድ ዘንድ ወይም ሌላ ከተማ ይቀመጥ። ሦስቱም በይለፍ ቃል የተቆለፉ መሆን አለባቸው። የሰው ስምና የገንዘብ መጠን የያዘ መዝገብ አደራ ነውና፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ይህን የመሰለውን መረጃ ጉዳይ የሚመለከት ነው።

እንግዲህ ወደ ሱቅ ሲሄዱ እነዚህን አይርሱ፦

ማሽኑን አስከፍተው ለግማሽ ሰዓት ያህል ያሠሩት፤ ከዚያም ጆሮዎን አስጠግተው ያዳምጡ፣ ሽፋኑንም በእጅዎ ዳሰው ሙቀቱን ይለኩ። ሱቅ በጫጫታ የተሞላ ስለሆነ በዚያ ትንሽ የመሰለ ድምፅ ሌሊት በመኝታ ክፍል ትልቅ ይሆናል።

በአስማሚው ላይ 220 ቮልት እንደሚቀበል የሚገልጽ ጽሑፍ መኖሩን ይመልከቱ። በፀሐይ ኃይል ለመጠቀም ካሰቡ ማሽኑ በ12 ቮልት የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ።

መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ ተደርጎ እንዲስተካከልልዎ ይጠይቁ።

የዋስትና ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ገዝተው ለሚወስዱ ሰዎች ተመልሶ መምጣት ቀላል አይደለምና።

ውድ አንባቢ! ቅጂው ቢኖርም ሳይሞከር የቀረ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። በየወሩ አንድ ቀን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ከቅጂው አንዱን መዝገብ ከፍተው ይመልከቱ። በትክክል ከተነበበ እርስዎም ያለ ሥጋት ይተኛሉ፤ ገንዘባቸውን በእጅዎ ያኖሩ ሴቶችም እንዲሁ።