ከፊኛ ቀዶ ሕክምና የተመለሰች ሴት ትኩሳት ሲይዛት ወባ ነው ብሎ መተው አይገባም

ምጥ ሁለትና ሦስት ቀን ፈጅቶባቸው፣ ሕፃኑም ሞቶ ተወልዶ፣ ከዚያ በኋላ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው እናቶች በገጠር መኖራቸውን የማያውቅ የገበሬ ማኅበር መሪ ይኖራል ተብሎ አይገመትም። የሕመሙ ስም ፊስቱላ ነው። መነሻውም እርግማን ሳይሆን የምጥ መራዘም ነው። የሕፃኑ ራስ በዳሌ አጥንት መካከል ተቀርቅሮ ሲቆይ የሽንት ፊኛው ሥጋ ይጨፈለቃል፤ ደም ሳያገኝ ቀርቶም ይሞታል። የሞተው ሥጋ ሲረግፍ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ ሽንትም ሌት ተቀን ይፈሳል።

ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥተው፣ የእነዚህን እናቶች ችግር አይተው፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ሕክምናው በነፃ ነው። በኋላም በባሕር ዳር፣ በይርጋለም፣ በመቀሌ፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል። አብዛኞቹ ሴቶች ቀዳዳው ተሰፍቶላቸው ድነው ተመልሰዋል። ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏል። የዛሬው ጽሑፍ የሚመለከተው በቁጥር ጥቂት የሆኑትን፣ ማለትም ፊኛቸው ከመጠን በላይ በመጎዳቱ በስፌት ብቻ ሊድን ያልቻለውን ነው።

ከአንጀት የተሠራ ፊኛ

ለእንዲህ ዓይነቷ በሽተኛ ሐኪሙ ከራሷ አንጀት ቁራጭ ይወስዳል። አንዳንድ ጊዜ በቁራጩ የተጎዳውን ፊኛ ያሰፋበታል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከኩላሊቶቿ የሚወርዱትን ሁለት ቱቦዎች ከቁራጩ ጋር አያይዞ፣ ሽንቱ በሆዷ ቆዳ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወጥቶ በተለጠፈ ከረጢት እንዲጠራቀም ያደርጋል። በፊኛ ካንሰር ምክንያት ፊኛቸው የወጣ ወንዶችም ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋልና ከዚህ በታች የሚነገረው እነርሱንም ይመለከታል።

ችግሩ አንጀት ቦታው ቢለወጥም አንጀትነቱን አለመተዉ ነው። እንደ ቀድሞው ንፍጥ መሳይ ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ተሕዋስያንም ይመቻቸዋል። ጤነኛ ፊኛ ራሱን ጨምቆ ሽንቱን ጠርጎ ያስወጣል። በአንጀት የተሠራው ወይም የሰፋው ግን ብዙ ጊዜ በሚገባ አይጨመቅም፤ ጥቂት ሽንት ይቀርበታል። መስኖ የሚያለማ ገበሬ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ቦዩ በደለል ሲደፈን ውሃው ይቋጠራል፣ ይሸታል፣ ወደ ኋላም ይመልሳል። እዚህም ዝልግልጉ መውጫውን ይዘጋል፤ በተቋጠረው ሽንት ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ጠጠርም ይሠራል። ሽንቱ ወደ ኩላሊት ሲመለስ ኩላሊትን ይጎዳል። ጉዳቱ ሕመም ሳይሰማት ሊቀጥል ስለሚችል፣ ደኅና ነኝ ብትልም የሆስፒታሉ ቀጠሮዋ ሊታለፍ አይገባም።

አንዳንዶቹ ሽንታቸውን በቀን ብዙ ጊዜ በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ ራሳቸው ያስወጣሉ። ለዚህ ሳሙና፣ ንጹሕ ውሃና ሰው የማያይበት ቦታ ያስፈልጋል። ዝልግልጉን ማጠብ የታዘዘላት ካለችም ሆስፒታሉ ባሳያት መንገድ ብቻ ታደርገዋለች።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚጠጣው ውሃ ነው። ሐኪም በሌላ ምክንያት ካልከለከላት በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር መጠጣት ይገባታል። በቆላ አገር፣ በእርሻ ሥራ ላይ፣ ከዚያም በላይ ሊያስፈልጋት ይችላል። ሆኖም በፊስቱላ ዓመታት ያሳለፈች ሴት ልብሷ እንዳይርስ ብላ ውሃ መጠጣት የተወች ናት። ጥሟን መቻል ለምዳለች። ከዳነችም በኋላ ልማዱ አይለቃትም፤ ገበያ ወይም ለቅሶ ቤት ልትሄድ ስትል ከማለዳው ጀምሮ አትቀምስም። ሽንቷም ይወፍራል፤ ለተሕዋስያንም ለጠጠርም ይመቻል። ምንጩ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ እንስራውን ተሸክማ የምታመጣው ራሷ ከሆነች ደግሞ «ብዙ ጠጪ» የሚለው ምክር ብቻውን አይረባትም።

ትኩሳቱ

በቆላማ ቀበሌዎች ብርድ ብርድ ያለው፣ የተንቀጠቀጠና የተኮሰው ሁሉ ወባ ይዞታል ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ወደ ኩላሊት የወጣ ኢንፌክሽንም እንዲሁ ያንቀጠቅጣል፣ ያተኩሳል፣ ያስመልሳል። ከጎድን በታች በአንድ ወገን የሚወጋ ሕመም፣ የሽንት መደፍረስ ወይም ደም መቀላቀል፣ የሽንት ማነስ ወይም ጨርሶ መቆም ከታከለበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። ስለዚህ ደሟ ለወባ ሲመረመር ሽንቷም ይመርመር። ወባ ቢገኝባት እንኳ ኩላሊቷ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሽንት የቆመባት ወይም እየተንቀጠቀጠች የምታስመልስ ሴት እስከ ነገ አትቆይም። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከገባ ይገድላል።

በሌላ በኩል በእንዲህ ዓይነት ፊኛ ውስጥ ተሕዋስያን ሁልጊዜ አይጠፉም። ሕመም ሳይሰማት በሽንት ምርመራ ስለታዩ ብቻ በየጊዜው አንቲባዮቲክ መስጠት በአብዛኛው አይመከርም፤ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን ይለምዱና በታመመች ቀን የሚያድናት ይታጣል። ከገበያ በፍሬ ተገዝቶ ሁለት ቀን ተውጦ የሚቆም መድኃኒትም የሚያመጣው ይህንኑ ነው። እርጉዝ ስትሆን ግን ነገሩ ይለያልና ለብቻው በሐኪም ይታያል።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

በየዓመቱ በተፋሰስ ልማት ሥራ ድንጋይ ማጋዝና አፈር መሸከም አለ። ሆዷ ላይ ከረጢት ያላት ሴት ከባድ ሸክም ብታነሳ በቀዳዳው ዙሪያ አንጀት ሊወጣ፣ ማለትም ቡአ ሊሠራ ይችላል። ከሸክም ነፃ ትሁን፤ ችግኝ ማፍላትም ሥራ ነው። ነፃ የሆነችበትን ምክንያት ግን በስብሰባ ላይ ማንበብ አይገባም። በስም ዝርዝር የተጠራ ምስጢር ማታውን በየቤቱ ይደርሳልና፣ ጉዳዩን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና አንድ ኃላፊ ቢያውቁት ይበቃል።

የውሃ ኮሚቴውም ቦኖው በሚከፈትበት ቀን ሰልፍ እንዳትጠብቅ ማድረግ ይችላል። ባሏ የተዋት ከሆነች፣ የሳሙናና የመንገድ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣላት አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ከሆስፒታል የተሰጣት ወረቀት ጭስ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ይዛው ትሂድ፤ እርሷ መናገር ካቃታት አድራሹ ሰው «ፊኛዋ በአንጀት የተሠራ ነው» ብሎ ይንገር። ይህን ያልሰማ የጤና ባለሙያ እንደ ማንኛዋም ትኩሳት ያላት በሽተኛ ሊያያት ይችላል። ዳግመኛ ካረገዘችም በቤት አትወልድም፤ ቀኗ ሳይደርስ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ አለባት። ጉዞው በክረምት የሚሆን ከሆነ ወንዙ ሳይሞላ መነሣት ያስፈልጋል።