ስንዴ ሲገዙ ከዘር የሚወረሰውንና ዝናብ የሚወስነውን ይለዩ

ቂሊንጦ ሲባል የአቃቂ ቃሊቲ ነጋዴ ትዝ የሚለው የኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ በ1994 እ.ኤ.አ. ለገበሬው የተለቀቀ የዱረም፣ ማለትም የፓስታና የማካሮኒ ስንዴ ዝርያ መጠሪያም ነው። እንዲህ ያሉ ዝርያዎችን የሚያወጣው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በአቃቂ ጥቁር አፈር ላይም ሙከራ ሲያካሂድ ቆይቷል።

ለመሆኑ ደላላው የዝርያውን ስም ጠርቶ ጭነት ሲያቀርብ፣ ገዢው በስሙ ብቻ ሊተማመን ይገባልን?

ጥቁሩ መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ያቁራል። በመሆኑም በነባሩ አሠራር ስንዴ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ሲሆን፣ ሰብሉ የሚያድገው አፈሩ ይዞ ባቆየው እርጥበት ነው። ድርቁ የሚበረታውም ፍሬው በሚሞላበት ሰዓት ነው።

ይህን ለመቋቋም ከሚፈለጉት ባሕርያት አንዳንዶቹ በቀላሉ ይወረሳሉ። የአገዳ ማጠርና ቶሎ መድረስ በአብዛኛው በጥቂት ጂኖች ስለሚወሰኑ፣ አዳቃዩ ከልጅ ልጆቹ መካከል በዓይኑ አይቶ ሊመርጣቸው ይችላል። ቶሎ የሚደርስ ስንዴ እርጥበቱ ሳያልቅ ፍሬውን ይሞላል። ፓስታ ፋብሪካ የሚፈልገው ቢጫ ቀለምም በአመዛኙ ከዘር የሚገኝ ነው።

በድርቅ ጊዜ የሚገኘው የምርት መጠን ግን የብዙ ጂኖች ድምር ነው። የእያንዳንዱ ድርሻ ትንሽ ሲሆን፣ አፈሩና ዝናቡም ውጤቱን ይለዋውጡታል። ተመራማሪዎች አንድን ዝርያ ከመልቀቃቸው በፊት በተለያዩ ቦታዎችና ዓመታት የሚፈትኑት ለዚህ ነው። ፕሮቲንም ቢሆን እንደ ማሳውና እንደ ዘመኑ ይለያያል። እርጥበት ባጠረበት ዓመት ስታርቹ በሚገባ ስለማይሞላ የፕሮቲኑ ድርሻ ከፍ ሊል ይችላል፤ ፍሬው ግን ይቀጭጫል፣ ወፍጮውም ከኩንታሉ የሚያገኘው ይቀንሳል።

ስንዴ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ስለሚራባ፣ ገበሬው እንደ ድቅል በቆሎ በየዓመቱ አዲስ ዘር ለመግዛት አይገደድም። ዝርያውን በዋናነት የሚያበላሸው በአውድማና በመጋዘን የሚደርሰው ቅልቅል ነው። ዱረም ከዳቦ ስንዴ ጋር ሲደባለቅ ለፓስታ ያለው ዋጋ ይወርዳል።

ስለዚህ የዝርያው ስም ስለ ቀለሙና ስለ ዓይነቱ ይመሰክር ይሆናል እንጂ፣ ለክብደቱና ለፕሮቲኑ ዋስ አይሆንም። በተለይ ዝናብ ቀድሞ በወጣበት ዓመት፣ ገዢው ከየጆንያው ናሙና አስወጥቶ ሳያስመዝን ዋጋ ባይቆርጥ ይበጀዋል።