ራሱን የተወነው ወታደር

ዝና የተዋንያንን ጠባይ እንዴት እንደሚለውጥ በተወሳ ቁጥር በብዙዎቻችን ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው ትዕቢት ነው። ትናንት ከእኛው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ቡና ይጠጣ የነበረ ሰው ሥዕሉ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ለጥንት ባልንጀራው ሰላምታ ይነፍጋል ይባላል። እንዲህ ያለው መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ከዚህ የከፋና ከውጭ ለሚመለከት የማይታይ ሌላ ለውጥ አለ፤ ይኸውም ዝና ሰውን ከገዛ ሥዕሉ ጋር አስሮ ሲያኖረው ነው። ለዚህ አስረጂ የምናቀርበው ሰው ከተዋናይነቱ በፊት ወታደር የነበረ በመሆኑ፣ ታሪኩ በጦር ሠፈርም በከተማም ላሉ አንባቢዎቻችን እንግዳ አይሆንም።

ኦዲ መርፊ በ1925 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ከጭሰኛ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ቤቱን ትቶ ሄደ፤ እናቱ በ1941 ሞተች፤ ልጁም በጠመንጃ እያደነ ቤተሰቡን ይመግብ ነበር። በ1942 ለውትድርና ሲቀርብ ዕድሜው ስላልደረሰ፣ በእህቱ እርዳታ የትውልድ ዘመኑ በወረቀት ላይ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተገፋ። የማሪን ጦርም አየር ወለዱም በሰውነቱ ማነስ ምክንያት መልሰውት እግረኛ ጦር ተቀበለው።

ጃንዋሪ 26 ቀን 1945 በፈረንሳይ ሆልትስቪር በተባለች መንደር አቅራቢያ ስድስት የጀርመን ታንኮች እግረኛ አስከትለው በሚመራው ሻምበል ላይ መጡ። ምክትል መቶ አለቃ መርፊ ወታደሮቹ ወደ ጫካው እንዲያፈገፍጉ አዝዞ እርሱ መድፈኛውን በስልክ እየመራ ቀረ። ከዚያም በእሳት በተያያዘ ታንክ አውዳሚ ላይ ወጥቶ በመትረየሱ አንድ ሰዓት ያህል ጠላትን ገታ። ከዚያ የወረደው እግሩ ቆስሎ ነው። ዕድሜው 19 ነበር። ለዚህም ሥራው የአገሩን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ።

ጁላይ 16 ቀን 1945 ላይፍ የተባለው መጽሔት የዚህን ለጋ መኮንን ፈገግታ በሽፋኑ ይዞ ወጣ። በሥዕሉ ላይ ጦርነት የለም፤ ያለው የገጠር ልጅ ፊት ነው። አገሩም ያን ፊት ወደደው። ዝነኛው ተዋናይ ጄምስ ካግኒ መጽሔቱን ተመልክቶ ወደ ሆሊውድ ጠራው። እንጀራው ግን ቶሎ አልተገኘም፤ በአንድ የስፖርት ቤት ውስጥ እስከ ማደር ደርሶ ነበር። በ1951 ጆን ሂውስተን ባዘጋጀው ፊልም የተሰጠው ድርሻ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከውጊያ የሚሸሽ አንድ ወጣት ወታደር ነበር። ያልሸሸውን ሰው ሸሽቶ እንዲያሳይ መጠየቅ የሲኒማ ሥራ አንዱ ግርምት ነው።

ከባዱ ጥያቄ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መርፊ በ1949 በጸሐፊ ወዳጁ በዴቪድ መክሉር እርዳታ የጦር ሜዳ ትዝታውን አሳትሞ ነበር። ርእሱ በእኛ ቋንቋ «እስከ ሲኦል ደርሶ መልስ» እንደ ማለት ነው። በዚህ መጽሐፍ ስለ ኒሻኖቹ አላወራም፤ ስለ ሞቱ ጓደኞቹ እንጂ። ፊልም ሠሪዎች መጽሐፉን ገዝተው ዋናውን ሰው ራሱ ይተውነው አሉት። በመጀመሪያ አመንትቶ ሌላ ተዋናይ፣ ቶኒ ከርቲስን፣ ጠቆመ። በመጨረሻ ግን እሺ አለ፤ ፊልሙም በ1955 ወጣ።

የእሺታው ዋጋ ምን እንደ ነበረ አንድ ነገር ብቻ እንመልከት። በኦገስት 1944 በደቡብ ፈረንሳይ የቅርብ ጓደኛው ላቲ ቲፕተን፣ እጅ የሰጡ በመሰሉ ጀርመኖች ተኩስ ተገደለ። በፊልሙ ውስጥ ይህ ጓደኛ ብራንደን በሚል ስም ቀርቦ፣ ሌላ ተዋናይ ሆኖ ይሞታል። አንድን ትዕይንት እስኪሰምር ድረስ ደጋግሞ ማንሳት ደግሞ የፊልም ሥራ ጠባይ ነው። መብራት ቢሳሳት፣ ካሜራ ቢንቀሳቀስ እንደገና ይባላል፤ ሟቹም እንደገና ይሞታል። ተመልካቹ ግን ወደደው። ፊልሙ ለዩኒቨርሳል ኩባንያ ከፍተኛ ገቢ አስገኘ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በየመጽሔቱ የሚታየው ያው ፈገግታ ነበር። ሰውየው ግን ሌሊት እንቅልፍ አልነበረውም፤ ቅዠት ያባንነው ነበር፤ የጎረሰ ሽጉጥ ከትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛ ነበር። ተዋናይት ዋንዳ ሄንድሪክስን በ1949 አግብቶ በ1951 ተፋቱ። ቁማር አዘወተረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የእንቅልፍ መድኃኒት ሱስ ሲሆንበት በአንድ የመንገደኛ ማረፊያ ክፍል ራሱን ለሳምንት ያህል ቆልፎ ሱሱን ተወ። ሕመሙን ዝና አመጣው አንልም፤ ያመጣው ጦርነት ነው። ዝና ያደረገው የሕመም ፈቃድ መከልከል ነው።

በአገራችን ወግ ጀግና ከዘመቻ ሲመለስ ይፎክራል፤ ሕዝቡም ያጅበዋል። ፉከራው ግን ማለቂያ አለው። ፎካሪው ላቡን ጠርጎ፣ ጋሻውን ሰቅሎ ከሰው መካከል ይቀመጣል፤ በማግስቱ ሞፈርና ቀንበሩን ይዞ ወደ እርሻው ይወርዳል። ሲኒማ ግን ሰውየው ከተቀመጠ በኋላም ፉከራውን በየከተማው ይደግምለታል። እኛም የጀግኖችን ሥዕል አንስተን ማውጣት ሥራችን ነውና ጉዳዩን በሩቁ የምናየው አይደለም። ሥዕሉ ከታተመ በኋላ ባለ ሥዕሉ እንዴት ያድር ይሆን ብሎ የሚጠይቅ የዜና ክፍል ብዙ አይደለም።

መርፊ ከ40 በላይ ፊልሞች ሠራ፤ አብዛኞቹ የካውቦይ ታሪኮች ናቸው። ፊልሙ ያው ነው፣ የሚለወጠው ፈረሱ ብቻ ነው እያለ በራሱ ይቀልድ ነበር። በቁማርና ባልሰመረ የነዳጅ ዘይት ንግድ ገንዘቡን አጥቶ በ1968 ከሰረ። በችግሩም ጊዜ ለወጣቶች መጥፎ አርአያ እሆናለሁ በማለት የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያ አልሠራም አለ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ስለዚህ ነገር መናገር ነውር በነበረበት ዘመን የራሱን ሕመም በአደባባይ ገልጾ፣ ከኮሪያና ከቬትናም ለተመለሱ ወታደሮች የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጣቸው ተከራከረ። በእኛ ግምት የመጽሔቱ ፊትና ሰውየው በአንድ አፍ የተናገሩት ያን ጊዜ ነው።

ሜይ 28 ቀን 1971 ቨርጂኒያ ውስጥ ተራራ ላይ በወደቀ አውሮፕላን ሞተ፤ ዕድሜው 45 ነበር። በአርሊንግተን ብሔራዊ የጦር መቃብር ተቀበረ። የዚያ ሜዳይ ተሸላሚዎች የመቃብር ድንጋይ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ነው፤ የእርሱ ግን በጥያቄው መሠረት እንደ ማንኛውም ወታደር ተራ ድንጋይ ሆነ። የሚጎበኘው ሰው ስለ በዛ ወደ መቃብሩ የሚወስድ የድንጋይ መንገድ ተነጥፎለታል። በድንጋዩ ላይ የተጻፈው የትውልድ ዘመን 1924 ነው፤ ለመቀጠር ሲል በወረቀት ላይ የተገፋው።