ትንፋሹ የማይቋረጠው ባግፓይፕ ከጊታር ጋር እንዴት ይስማማል?

የስኮትላንድ ባግፓይፕ ሲነፋ የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ለመሆኑ ነፊው የሚተነፍሰው መቼ ነው? ድምፁ አንዴ ከተነሣ ዜማው እስኪያልቅ ለአፍታ እንኳ አይቋረጥም። ምስጢሩ ያለው ብብቱ ሥር በያዘው ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር ያጠራቅማል፣ ሲጫኑት ይተፋል። ነፊው በአፉ በያዘው ቱቦ አየር ይሞላበታል። ትንፋሽ ለመሳብ ሲያርፍ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ክዳን ትዘጋና አየሩ ተመልሶ እንዳይወጣ ታግደዋለች፤ በዚያች ቅጽበት ክንዱ ከረጢቱን ይጫናል። አፍና ክንድ እንዲህ እየተፈራረቁ ግፊቱን እኩል አድርገው መጠበቅ አለባቸው። ግፊቱ ከፍ ዝቅ ካለ ድምፁ ወዲያው ቅኝቱን ይስታል፤ ጀማሪን ከጣቶቹ ይልቅ የሚያስቸግረው ይኸው ክንዱ ነው።

ከከረጢቱ የሚወጣው አየር ወደ አራት ቱቦዎች ይሄዳል። አንዷ ቻንተር ትባላለች። ጣቶች የሚያርፉባት፣ ዜማው የሚወጣባት እሷ ናት፤ ያሏት ድምፆች ግን ዘጠኝ ብቻ ናቸው። በነፊው ትከሻ ላይ ቀጥ ብለው የሚታዩት ሦስቱ ደግሞ ድሮን ይባላሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ድምፅ ይዘው ያስተጋባሉ፤ ሁለቱ ከቻንተሩ ዋና ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው፣ ረጅሙ ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ጥሩ ባግፓይፕ የሚሠራበት ጥቁርና ከባድ እንጨት በስኮትላንድ አይበቅልም። ከኢትዮጵያ ቆላ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚገኝ የአፍሪካ ዛፍ ነው፤ ለገበያ የሚቆረጠው በብዛት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ከዚህ አሠራር የሚከተለው ነው። አየሩ ስለማይቋረጥ በዜማው መካከል ዝምታ የለም። ድምፅ ማጉላትም ማለስለስም አይቻልም። ታዲያ አንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ ቢደገም በምን ይለያል? ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ረጅም ድምፅ ይሆኑ ነበር። ነፊዎቹ መፍትሔ አበጁለት፤ በሁለቱ መካከል ሌላ ድምፅ በጣም በፍጥነት ጣል ያደርጋሉ። ያቺ ድምፅ ከማጠሯ የተነሣ ጆሮ እንደ ምት ይቀበላታል። የስኮትላንድ ነፊዎች ዓመታት የሚፈጁት እነዚህን ፈጣን የጣት ጌጦች በመለማመድ ነው።

እንግዲህ ይህን መሣሪያ ከጊታር፣ ከኪቦርድና ከድራም ጋር መድረክ ላይ ስናወጣው መጀመሪያ የሚጣሉት በቅኝት ነው። ኦርኬስትራ «ኤ» የሚለውን ድምፅ 440 ኸርዝ ላይ ይቃኛል። ነፊዎች «ኤ» የሚሉት ግን ዛሬ 480 ኸርዝ ገደማ ይደርሳል። ይህ ከፒያኖው ቢ ፍላት፣ ማለትም ከ466 ኸርዝ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ በሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቃል። ስለዚህ ወይ በ466 የሚቃኝ ልዩ ቻንተር ይሠራል፣ ወይ ጊታሮቹ ወደ ባግፓይፑ ይቃኛሉ። ድሮኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ዘፈኑ ኮርድ በቀየረ ቁጥር ድሮኑ ያንኑ ድምፅ ይዞ ይቀጥላል፤ ኮርዶቹ ርቀው ከሄዱ ጆሮ ይቆረቁራል። ብዙ የሮክ ዘፈን ግን በአንድ መሠረታዊ ድምፅ ዙሪያ ስለሚሽከረከር ከድሮኑ ጋር ይስማማል። አንዳንድ ባንዶች ድሮኖቹን ጭራሽ ይደፍኗቸዋል። ያኔ መቀላቀሉ ይቀላል፤ ለእኔ ግን የመሣሪያው ነፍስ ድሮኑ ነው፤ እሱ ሲዘጋ የሚቀረው ጮክ ያለ ዋሽንት ነው።

የባግፓይፕ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል በላይ ነው፤ መቀነሻም የለውም። ስለዚህ መድረክ ላይ ሌሎቹ ናቸው ወደ እሱ ከፍ የሚሉት። ዜማው ከጣት ቀዳዳዎቹ፣ ድሮኑ ከትከሻ በላይ ስለሚወጣም አንድ ማይክሮፎን ሁለቱን በእኩል አይይዝም።

ሆኖም ቅልቅሉ ተሳክቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለው መዝሙር በሮያል ስኮትስ ድራጉን ጋርድስ ክፍለ ጦር ባግፓይፖችና ወታደራዊ ባንድ ተጫውቶ በብሪታንያ የሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ዜማው አምስት ድምፆች ብቻ ነው ያሉት፤ እነዚያም የኛ ትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። በስኮትላንድ የተወለደው የሮክ ባንዱ የኤሲ ዲሲ ድምፃዊ ቦን ስኮት በ1975 በባንዱ ዘፈን ውስጥ ባግፓይፕ ነፋ። በ1977 ፖል ማካርትኒ ከካምቤልታውን የባግፓይፕ ባንድ ጋር የሠራው «ሙል ኦፍ ኪንታየር» በብሪታንያ ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ የመጀመሪያው ነጠላ ዜማ ሆነ። በ2007 የቢቢሲን የተሰጥዖ ውድድር ያሸነፉት ሬድ ሆት ቺሊ ፓይፐርስ ደግሞ የኩዊንን ዘፈን ሳይቀር በባግፓይፕ ይጫወታሉ። ከሁሉም ልቤን የሚነካው ማርቲን ቤኔት ነው። ራሱ ነፊ ነበር፤ ሕመም መጫወት ሲከለክለው የድሮ የስኮትላንድ ዘፋኞችን ቅጂ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አዋሕዶ በ2003 «ግሪት» የተባለውን አልበም አወጣ። በ2005 በ33 ዓመቱ ዐረፈ።

ነፊዎቹ የሚለብሱት ኪልት የተባለው ባለ ሽንሽን የወንዶች ቀሚስስ ከባግፓይፕ ጋር እንዴት ተጣመረ? እ.ኤ.አ. በ1746፣ አማፂዎች ከተሸነፉበት ከከሎደን ጦርነት በኋላ የብሪታንያ መንግሥት የስኮትላንድ ወንዶች ኪልት እንዳይለብሱ በሕግ ከለከለ፤ ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። ወታደሮችን ግን አይመለከትም ነበር። በየደጋው ስኮትላንድ ክፍለ ጦር ነፊዎች ስለነበሩ ልብሱና መሣሪያው እዚያ አብረው ኖሩ፤ የዛሬዎቹ የባግፓይፕ ባንዶች አለባበስም ከዚያው ወታደራዊ ልማድ የመጣ ነው።

ሙሉው ኪልት ስምንት ያርድ፣ ማለትም ከሰባት ሜትር በላይ የሱፍ ታርታን ይፈልጋል። ከፊት ሜዳ ሆኖ ይደራረባል፤ የቀረው ጨርቅ ሁሉ ከኋላ ሽንሽን ይሆናል። ሲራመዱ ሽንሽኑ እየተከፈተ ይወዛወዛል፣ ክብደቱም ነፋስ እንዳያነሣው ያደርጋል። ኪስ ስለሌለው ከፊት ስፖራን የሚባል የቆዳ ቦርሳ ይንጠለጠልበታል። ዛሬ ከጂንስና ከቆዳ የተሰፉ፣ ኪስም ያላቸው ኪልቶች አሉ፤ ሽንሽኑ ግን እነሱም ላይ ከኋላ ነው።