የአክስቴ ጣቶችና አንድ ብልቃጥ ደም

የአክስቴ ጣቶች ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ካሉ ሁለት ወር ሆናቸው። ጎረቤት «ብርድ መትቶሽ ነው» አለ። ሐኪሙ ግን ሩማቶይድ አርትራይተስ ጠርጥሮ አርኤፍና አንቲ-ሲሲፒ የሚባሉ የደም ምርመራዎች አዘዘ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዋጋ ነው መሰለኝ፤ «አርኤፍ ብቻ አይበቃም?» ብዬ ተከራከርኩ። አይበቃም። አርኤፍ በቲቢም በሄፓታይተስ ሲም ሊወጣ ይችላል፤ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። አንቲ-ሲሲፒ ግን ከዚህ በሽታ ውጪ ብዙም አይታይም፤ ሕመሙ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ደም ውስጥ ሊኖር ይችላል። መጠኑ ከፍ ካለ ደግሞ መገጣጠሚያው የመበላት ዕድሉ ይጨምራል።

ውጤቷ መጣ፦ አርኤፍ ኔጌቲቭ፣ አንቲ-ሲሲፒ ከፍተኛ። አፈርኩ። ራጅዋ ገና ንጹሕ ነው፤ ሜቶትሬክሴት ጀምራለች። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ በየቀኑ አይደለም! ለቅዳሜ ስልኳ ላይ አላርም ሞልቼላታለሁ።